ለብቻ አንድ ሰዓት ተኩል

ፋናዬ ለመጨረሻ ጊዜ ብቻዋን የሆነችው መቼ እንደነበር ለማስታወስ ብዙ ማሰብ ነበረባት። መንታዎቹ ከመወለዳቸው በፊት ነው፤ ምናልባትም ቤዛ ከመወለዷ በፊት። አሁን ቤዛ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ዮናታንና ኢሳያስ ደግሞ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኗቸዋል። ከባሏ ጋር አምስቱም የሚኖሩት ኩዌት፣ ፋርዋኒያ ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በቺፑድ ለሦስት ከተከፈለ አፓርታማ በአንዷ ክፍል ነው። ልጆቹ ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ ስለሌላቸው ቤዛን የሚመዘግብ ትምህርት ቤት አልተገኘም። ሦስቱም ቀኑን ሙሉ እናታቸው ላይ ናቸው። እሷም በዚያው ክፍል የሕንፃውን ወንደላጤዎች ሸሚዝ በክፍያ ትተኩሳለች።

ባሏ አንተነህ ሱራ በሚባለው ሰፈር የአንድ የኩዌት ቤተሰብ ሹፌር ነው። ጎህ ሳይቀድ ይወጣል፤ ሲመሽ ይገባል። ክፉ ሰው አይደለም። ሲገባ መንታዎቹ እግሩ ላይ ይጠመጠማሉ፤ እሱም ጫማውን ሳያወልቅ ግድግዳውን ተደግፎ ይቀመጥና ዓይኑ ይከደናል። ዓርብ እንኳ እረፍት የለውም። አሠሪው ማዳም እናቷ ቤት ስለምትሄድ እስከ ማታ ትፈልገዋለች ብሎ ነግሯታል።

አንድ ቀን ፋናዬ ስልኳ ላይ ለእናቶች ምክር የምትሰጥ ሴት አየች። ሴትዮዋ ለራሳችሁ በቀን ግማሽ ሰዓት ስጡ፣ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፣ በሩን ዝጉና ሙቅ ውሃ ውስጥ ተዘፍዘፉ ትላለች። ፋናዬ ሳቋ መጣ። መታጠቢያ ቤቱን የሚጋሩት አሥራ አንድ ሰዎች ናቸው። እሷ ገና ሳሙናውን ስታነሳ በሩ ይንኳኳል፤ ከሥር ደግሞ የኢሳያስ ትናንሽ ጣቶች በበሩ ክፍተት ይገባሉ። ይሁን እንጂ ነገሩ ከጭንቅላቷ አልወጣ አለ። ጣሪያው ላይ ወጥታ ሞከረች፤ የሕንፃው ሐሪስ፣ ማለትም ጠባቂው፣ የልብስ ማስጫ እንጂ መቀመጫ አይደለም ብሎ አስወረዳት። ገበያ ማዕከል ገብታ ሞከረች፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ባለች በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጥበቃው ሦስት ጊዜ በፊቷ ተመላለሰ፤ የሰረቀች ያህል ተሰማትና ወጣች።

መላውን ያገኘችላት በላይነሽ ናት። በላይነሽ ከቺፑዱ ወዲያ ማዶ የምትኖር፣ ቢሮ የምታጸዳ፣ ልጅ የሌላት ሴት ናት። በቀጭኑ ግድግዳ የፋናዬን ቀን ሙሉውን ትሰማዋለች።

«አውቶቡስ ላይ ውጪና ተቀመጪ» አለቻት። «የባሕሩን ዳር ይዞ እስከ መጨረሻው ሄዶ በአንድ ሰዓት ተኩል ይመለሳል። ማቀዝቀዣ አለው። ትኬት ከቆረጥሽ ማንም ለምን ተቀመጥሽ አይልሽም። ልጆቹን ዓርብ እኔ ልያዛቸው።»

«አይሆንም፣ የእረፍት ቀንሽን?»

«አንቺ ስትጮሂባቸው ከምሰማ እኔ ብይዛቸው ይሻለኛል» አለች በላይነሽ፤ ስትናገረው ቀስ ብላ ነበር፤ ፋናዬ ግን ፊቷ ጋለ።

የመጀመሪያው ዓርብ ፋናዬ የመጨረሻው ወንበር ላይ፣ መስኮቱ ጥግ ተቀመጠች። አጠገቧ ማንም የለም። ማንም አይነካትም። አውቶቡሱ ከፋርዋኒያ ወጥቶ ሰፊው መንገድ ላይ ሲገባ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ አየቻቸው፤ ምንም አልያዙም። ባሕሩ ሲታይ ምንም አላሰበችም። ደስታም አልነበረም፤ ዝም ብሎ የሆነ ነገር ጀርባዋ ላይ ላላ። ሲመለስ እንቅልፍ ወስዷት ሹፌሩ ቀሰቀሳት። ያን ዕለት ማታ መንታዎቹን ስታጥብ ሳይታወቃት ታንጎራጉር ነበር። ለአንተነህ ግን አልነገረችውም። ልጆቹን ጥላ ያለ ምንም ጉዳይ መውጣቷን በምን ቃል እንደምታስረዳው አላወቀችም።

እንዲህ እያለች አምስት ዓርብ ሄደች። በአምስተኛው፣ አውቶቡሱ የባሕሩ ዳር የትራፊክ መብራት ላይ ቆሞ ሳለ፣ ድንጋዮቹ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ የተቀመጠ ሰው አየች። ጫማው አጠገቡ ነው። ትከሻው አንዱ ዝቅ ያለ ነው፤ ያንን ትከሻ ታውቀዋለች። ከማን ጋር እንደሆነ ለማየት አንገቷን አሰገገች። ከማንም ጋር አልነበረም።

በሚቀጥለው ፌርማታ ወርዳ በዚያ ሙቀት ወደ ኋላ ተመለሰች። አንተነህ ዞር ብሎ ሲያያት መጀመሪያ የመጣበት ነገር ፍርሃት ነበር።

«ልጆቹ ምን ሆኑ?»

«ምንም አልሆኑም። በላይነሽ ጋ ናቸው። አንተስ? ማዳም የት አለች?»

አንተነህ ጫማውን አንስቶ አቧራውን ማራገፍ ጀመረ።

«ዓርብ አትፈልገኝም» አለ። «ረመዳን ካለፈ ጀምሮ።»

ፋናዬ ወሩን በልቧ ቆጠረች። «እዚህ ነው የምትውለው?»

«እዚህ። አንዳንዴ ማዳም በር ላይ የቆመው መኪና ውስጥ እተኛለሁ። ሴት የለችም ፋናዬ፣ አንዳችም ነገር የለም። ስድስት ቀን ሙሉ፣ ወደዚህ ንዳ ወደዚያ ንዳ ይሉኛል። ማታ ስገባ እነሱ እላዬ ላይ ይወጣሉ፣ አንቺም የቀኑን ሁሉ ትነግሪኛለሽ። ማንም የማያናግረኝ ቦታ ፈለግሁ። ይኸው ነው።»

ልትጮህበት ፈልጋ ነበር። ነገር ግን የተናገረው ሁሉ እሷ አውቶቡሱ ውስጥ የፈለገችው ነገር ነው። ያናደዳትም ያው ነው፤ ልትወቅሰው የምትችልበትን ቃል ሁሉ ወሰደባት።

«እኔ ሰባተኛ ቀንም የለኝም» አለች በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

«እያወቅክ ነው የዋሸኸኝ?»

አንተነህ ጫማውን አጠለቀ። አንድ ዓርብ እሱ፣ አንድ ዓርብ እሷ እንዲያርፉ ተስማሙና በአንድ አውቶቡስ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ተመለሱ።

ቃሉን ጠበቀ። የመጀመሪያውን ዓርብ ልጆቹን ያዘላት። የሷ ቀን በድጋሚ ሳይደርስ ግን የማዳም እናት በጠና ታመሙና ዓርብ ዓርብ ሆስፒታል ማመላለስ የእሱ ሥራ ሆነ። አሁን እውነቱን ነበር። እንድታምነው ብሎ የሆስፒታሉን መኪና ማቆሚያ ፎቶ እያነሳ ይልክላታል። ፋናዬ ፎቶዎቹን አትከፍታቸውም። በዚያው ሰሞን በላይነሽ ሪቃይ በሚባል ሰፈር አንድ ቤት ሠራተኛ ሆና በቋሚነት ገባች፤ አዳሯም እዚያው ነው፣ ዓርብም አትወጣም። ስትሰናበት ፋናዬን አቅፋ ብዙ ቆየች እንጂ ምን እንደምታደርግ አልነገረቻትም።

ሐምሌ ገባ። ውጪው በቀን ከሙቀቱ የተነሳ የማይደፈር ሆነ። አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ፋናዬ ሸሚዝ ስትተኩስ ዮናታን የካውያውን ገመድ ጎተተው። ካውያው ወድቆ ወለሉን መታ፤ በልጁ እግርና በካውያው መካከል የነበረው ርቀት የአንድ መዳፍ ያህል ነው። ፋናዬ እጇ ወደ ላይ ተነሳ። ከፍ ብሎ ቆሞ አየችው። ልጁም አየው። ያ እጅ ቢወርድ በቀላሉ እንደማይቆም ገባት። ካውያውን ነቅላ ቁም ሳጥኑ ላይ አወጣችው፤ ወጥታ በሩን ከውጪ ቆለፈችና ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

መንታዎቹ በሩን እየደበደቡ አለቀሱ። እያንዳንዱን ጩኸት ትሰማለች፤ የትኛው የማን እንደሆነ ታውቃለች። አልተነሳችም። አምስት ደቂቃ ይሁን ሃያ፣ አላወቀችም። ሐሪሱ ባልዲ ይዞ በአጠገቧ አለፈ፤ አያትና መውረዱን ቀጠለ። ከዚያ ለቅሶው ቀስ በቀስ ቆመ፤ በበሩ ወዲያ የቤዛ ድምፅ መጣ።

«እማዬ፣ ዝም አሰኘኋቸው። አንቺ እረፊ።»

ፋናዬ ቁልፉን አዞረች። ቤዛ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ዮናታንን በእግሮቿ መካከል ይዛዋለች። የኢሳያስን አፍ ደግሞ በመዳፏ ግጥም አድርጋ ዘግታዋለች፤ ዓይኑ ፈጦ፣ በአፍንጫው በጭንቅ እየተነፈሰ ነው። የራሷ ፊት በእንባ ርሷል፤ ድምፅ ግን አይወጣትም። እናቷን ስታይ እጇን አነሳችና ጥፋት እንደሠራች ሁሉ ከኋላዋ ደበቀችው።

«አላመመውም» አለች።

ፋናዬ ሦስቱንም ሰብስባ አቀፈቻቸው። ልጆቹ ወዲያው ረሱት፤ ከቤዛ በቀር።

ማታ አንተነህ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ነገረችው። የተነሳውን እጅ፣ የተቆለፈውን በር፣ የተዘጋውን አፍ፤ አንዱንም አልደበቀችም።

«ልጆቹን አገር ቤት እንላካቸው» አለች።

አንተነህ ወደ መንታዎቹ ዞረ። «ለማን?»

«እህትህ ለምለም ደብረ ብርሃን ብቻዋን አይደለችም እንዴ? ጓሮ አላት። ቤዛ ትምህርት ቤት ትገባለች።»

«ኢሳያስ ሌሊት ካንቺ ውጪ አይተኛም።»

«አውቃለሁ» አለች። እሱም ከዚህ በላይ አልተከራከረም፤ እንዲከራከራት ፈልጋ እንደነበር የገባት ዝም ሲል ነው።

የጉዞ ወረቀቱ ሁለት ወር ፈጀ። ከሚጸልዩበት የቤት ኅብረት አንዲት እኅት ለዕረፍት ወደ አገር ስለምትሄድ ልጆቹን ይዛላቸው ሄደች። አየር ማረፊያው ላይ መንታዎቹ በሚንሸራተተው ወለል ተደስተው ወደ ኋላ አላዩም። ቤዛ ግን ዞር አለች። አላለቀሰችም። ሁለቱን ወንድሞቿን በሁለት እጇ ስለያዘች፣ ለመሰናበት የምታነሳው እጅ አልነበራትም።

ፋናዬ በኅዳር ሥራ አገኘች፤ በሌላ ቤት ጠዋት ገብታ ማታ ትወጣለች፤ የሁለት ዓመት ሴት ልጅ ታሳድጋለች። ዓርብ እረፍቷ ነው። የአንተነህ ማዳም እናት ስለዳኑ እሱም ዓርብ እቤት ነው። ክፍሏ ለሁለት ሰው ትበቃለች፤ በሩን ማንም አያንኳኳም። ጠዋት ወደ ደብረ ብርሃን ይደውላሉ። ለምለም ስልኩን ለልጆቹ ትሰጣለች፤ ኢሳያስ ግን ማናገር አቁሟል፤ የእናቱን ድምፅ ሲሰማ ስልኩን አስቀምጦ ይሄዳል።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀን ረጅም ነው። አንተነህ አንድ ሁለቴ «እንውጣ?» ብሏታል። እሷም «የት?» ብላዋለች፤ ሁለቱም የሚሄዱበትን ቦታ አላወቁም። እሱ በጎኑ ጋደም ይላል። እሷ ደግሞ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብላ፣ የማታውቀው የጎረቤት ልጅ ከቺፑዱ ወዲያ ማዶ ሲያለቅስ፣ እናቱ እስክታነሳው ድረስ ታዳምጣለች።