ስንት ላንሳት?

ባሌ እጁን አንስቶብኝ አያውቅም። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው ታሪኬን የሚሰማ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ እሱን ስለሆነ ነው። አይመታም፣ አይሳደብም፣ አያመሽም። ታናሽ እህቴ «እንደሱ ያለ ባል በፋኖስ ቢፈለግ አይገኝም» ትለኛለች፤ እኔም አንገቴን እነቀንቃለሁ። ምን ልበላት? ቤቴ ውስጥ ያለ እሱ እጅ የሚደረስበት ዕቃ የለም ብላት ትስቅብኛለች።

አጭር ነኝ። ትንሽ አጠር ያልኩ አይደለሁም፤ ባንክ ቤት ስገባ ገንዘብ ከፋዩ ግንባሬን ብቻ የሚያየኝ ዓይነት አጭር ነኝ። እሱ ደግሞ በር ሲያልፍ ጎንበስ የሚል ረጅም ነው፤ ሙያው አናጺ። የተጋባን ሰሞን የቤታችንን መደርደሪያ ሁሉ በገዛ እጁ ሠራው፤ ሲለካም በራሱ ቁመት ለካው። ስኳሩ ከላይ፣ ብርጭቆው ከላይ፣ የውጭው በር መቀርቀሪያ ሳይቀር ከላይ ነው። «ዝቅ አድርግልኝ» ስለው «እኔ እያለሁልሽ፣ ጩጬዬ?» ይላል። እውነቱን ነው፣ በጠራሁት ቁጥር ሮጦ መጥቶ ያወርድልኛል። ወንበር ላይ ቆሜ ካገኘኝ ግን ፊቱ ይጠቁራል። የከዳሁት ይመስል ቀኑን ሙሉ አያናግረኝም።

የኔ የምላት አንዲት ነገር መኪናዬ ናት። ከአባቴ የወረስኳት አሮጌ ፎር ዊል ናት፤ ወንበሯን እስከ መጨረሻው ወደፊት ስቤ፣ ከጀርባዬ ትራስ ጎስጉሼ እነዳታለሁ። አዋላጅ ነርስ ነኝ። የምሠራበት ጤና ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ዝናብ ሲጥል ገንፎ በሚሆን መንገድ መጨረሻ ላይ ነው። ሰው ሁሉ ያን መንገድ ይረግመዋል። እኔ ግን እወደዋለሁ፤ እዚያ ላይ «ቆይ ልያዝልሽ» የሚለኝ የለም።

ባለፈው ወር ምጥ የጠናባትን ሴት ከኋላ አስተኝቼ ወደ ሆስፒታል ስሮጥ፣ የጭነት መኪና ጎማ በቆፈረው ቦይ መሐል መኪናዬ በሆዷ ተኛች። ነዳጅ ስረግጥ ጎማው ጭቃ ይረጫል እንጂ ንቅንቅ የለም። ከየማሳው ሰው ተጠርቶ በአካፋ ተቆፍራ ወጣች፤ ሴትዮዋም በሰላም ተገላገለች። እኔ እስከ ወገቤ ጭቃ ሆኜ ቤት ስገባ ባሌ አየኝና እንባው መጣ። «መኪናዋን ማንሳት አለብን» አለ ያኔውኑ። ሞላዋ ተቀይሮ፣ ቁመቷ ከፍ ብሎ፣ ሆዷ ከመሬት ይርቃል ማለቱ ነው። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ለሥራዬ አሰበልኝ ብዬ ለእህቴ ደውዬ አወራሁላት።

ቅዳሜ ጠዋት ጋራዥ ይዘናት ሄድን። መካኒኩ እጁም አፉም የማያርፍ ወፍራም ሰው ነው። መኪናዬን ማንሻው ላይ ሰቀላት፣ አራቱንም ጎማ ፈታ፣ ከዚያ ከሥሯ ገብቶ በባትሪ እያበራ ለራሱ ያንጎራጉር ጀመር። ከራሴ በላይ ተንጠልጥላ፣ እግሯን ተፈትታ ሳያት አሳዘነችኝ። የትም መሄድ አትችልም። እኔም ያለ እሷ የትም መሄድ አልችልም።

«እንግዲህ ሲስተር» አለ መካኒኩ ባሌን እያየ፣ «ስንት ላንሳት?»

«ምን ምን አለ?» አልኩት፣ ባሌን እያየ ስለጠየቀኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

«ሁለት ኢንች አለ፣ አራት ኢንች አለ። ሁለት ከሆነ ሞላውን እቀይራለሁ፣ ንዝረት የሚያበርደውን አሞርዛተር ረዘም ባለ እተካለሁ፣ ዛሬውኑ ይዘሻት ትገቢያለሽ። ላንቺ መንገድ ይበቃል ባይ ነኝ። አራት ካልን ግን ጣጣው ብዙ ነው። የፍሬኑ ቱቦ ያጥራል፣ መሪው ማስተካከያ ይፈልጋል፣ ሥር ያለው ዘንግ አቀማመጡ ይዛባል። ኩርባ ላይም እንደ ድሮው መፈትለክ የለም፤ ትወዛወዛለች።»

«ሁለት» አልኩ።

«አራት» አለ ባሌ፣ እኩል።

መካኒኩ ሳቀብን። ባሌ ትከሻዬን አቀፈና በዚያ ለስላሳ ድምፁ ያስረዳኝ ጀመር። ድምፁ ሲለሰልስ አበቃልኝ ማለት ነው። አንዴ ከተፈታታች አይቀር በደንብ ትነሳ። ቦዩ ለከርሞ ክረምት ሲጠልቅ ተመልሰን ልንመጣ ነው? ደግሞስ እሱ እኔን ያን የመሰለ ጭቃ ውስጥ ዳግመኛ ማየት ይችላል?

«እንዴት አድርጌ ነው የምወጣባት?» አልኩ በመጨረሻ። «አሁንም በመከራ ነው የምወጣው።»

«እኔ አነሳሻለኋ!» አለና ሳቀ። መካኒኩም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ለምዶብኛል።

«ለምን አትሞክሪውም፣ ሲስተር?» አለ መካኒኩ። ግቢው ውስጥ የእኔን መኪና የምትመስል ነጭ መኪና ቆማለች፤ አራት ኢንች ተነስታ ባለቤቷን ትጠብቃለች። አጠገቧ ስደርስ የበሩ ደፍ ወገቤ ላይ ሆነ። የት ጋ እንደምይዝ ስፈልግ ባሌ ከኋላዬ መጣና በብብቴ ይዞ ብድግ አደረገኝ፤ ወንበሩ ላይ አስቀመጠኝ፤ በሩን ገጭ አድርጎ ዘጋው።

«አየሽ? ይኸው ነው!» አለኝና ከመካኒኩ ጋር ሞላ ሊመርጡ ከመኪናዋ ኋላ ወዳለው የዕቃ ክምር ሄዱ።

እዚያ ላይ ቀረሁ። እግሬ ተንጠልጥሏል፣ ወደ ታች ሳይ መሬቱ ሩቅ ነው፤ ሲሚንቶው ላይ የፈሰሰ ዘይት ያብለጨልጫል። ነገሩን በሐሳቤ አስኬድኩት። ስልክ ይደወላል፣ «ሲስተር ድረሽልን» ይባላል፤ እሱን እጠራዋለሁ፣ ተሸክሞ ያስቀምጠኛል። እሺ፣ እዚያ ስደርስ ልዝለል። ስመለስስ ማን ይሰቅለኛል? አስታማሚዎቹን «እባካችሁ አንሱኝ» ልበል? ደሞ አውቀዋለሁ፣ አብሬሽ ልምጣ ይላል። ከዚያ አንድ ቀን «ዛሬ ወገቤን አሞኛል፣ ሌላ ሰው ቢሄድስ?» ይላል፣ በዚያው ለስላሳ ድምፁ።

በተከፈተው መስኮት ወሬያቸው ይሰማል።

«አራት ካነሳናት እንግዲያው ለሲስተር ከጎን መርገጫ ልበይድላት» ይላል መካኒኩ።

«መርገጫ ይቅር።»

«እንዴ! በምን ልትወጣ ነው ታዲያ?»

«ግድ የለህም። ቀስ ብዬ ላነሳት ነው።»

«ቀስ ብሎ ማንሳት የሚባል ነገር የለም፣ አለቃ። ወይ ሁለት ነው፣ ወይ አራት ነው።»

«መኪናዋን አላልኩህም» አለ ባሌ። «እሷን ነው። ከዚያ ጤና ጣቢያ ላነሳት ነው። ተዪ ብላት አትሰማኝም። መውጣት መውረዱ ሲሰለቻት ግን በራሷ ጊዜ ትተወዋለች። ሳንጨቃጨቅ።»

እኔም እንደ መካኒኩ መጀመሪያ ስለ መኪናዋ የሚያወሩ መስሎኝ ነበር። መኪናም ይነሳል፣ ሰውም ከሥራው ይነሳል፤ አፉ ውስጥ እኔና መኪናዬ አንድ ቃል ሆነናል። መካኒኩ ምን እንደመለሰ አልሰማሁም። ከሁሉ ከሁሉ ያቃጠለችኝ ያቺ «ሳንጨቃጨቅ» ያላት ናት። ብንጨቃጨቅ እኮ አንድ ቀን ላሸንፍ እችል ነበር!

በሩን ከፈትኩ። ፊቴን ወደ ወንበሩ አዙሬ፣ የወንበሩን ቀበቶ ይዤ፣ ሕፃን ከአልጋ እንደሚወርደው በሆዴ እየተንሸራተትኩ ወረድኩ። መጨረሻ ላይ እግሬ መሬት አጣና ዱብ አልኩ። ጉልበቴ ተላጠ፣ ቀሚሴ ዘይት ጠጣ። ባሌ ድምፅ ሰምቶ እየሮጠ መጣ።

«ምነው፣ አትጠሪኝም እንዴ? ተጎዳሽ?»

አልፌው ወደ መካኒኩ ሄድኩ። «ሁለት» አልኩት።

መካኒኩ ባሌን አየ።

«እሱን ምን ታየዋለህ? መኪናዋ የኔ፣ መንገዱ የኔ፣ የተላጠው ጉልበት የኔ! ሁለት አንሳት። መርገጫም በይድላት።»

«ጩጬዬ፣ ሰው ፊት…» አለ ባሌ።

«ጩጬ አትበለኝ። ሰምቼሃለሁ።»

ምን እንደሰማሁ አልጠየቀኝም። ፊቱ መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ አመድ መሰለ። «ላንቺ ብዬ እኮ ነው» አለ። «ያን ቀን እንደዚያ ሆነሽ ስትገቢ፣ አንድ ቀን ደግሞ ከነጭራሹ ሳትመለሺ ትቀሪያለሽ ብዬ…»

«ፈርተህ ነው?»

«አዎ፣ ፈርቼ ነው።»

«ታዲያ ፈራሁ አትለኝም ነበር?»

ከዚያ በኋላ የነበረው መጠበቅ ብቻ ነው። ጥዬው እንዳልሄድ መኪናዬ ጎማ የላትም፤ እሱም ጥሎኝ አልሄደም። አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጬ ቡሎን ሲፈታ፣ ሞላ ሲወጣ፣ ሞላ ሲገባ አየሁ። እሱ ሻይ አምጥቶ አጠገቤ አስቀመጠ፤ ቀዘቀዘ። ወሬኛው መካኒክ ከሚበይድበት ቀና ብሎ አንዴ ያየናል፣ ተመልሶ ያቀረቅራል። እንዲያ ስንውል ቤቴ የተቀመጥኩ መሰለኝ፤ ያው እሱ አጠገቤ ቆሟል፣ ያው እኔ ከታች ነኝ። ተነስቼ ልጩህ ልጩህ አለኝ። አልጮህኩም።

ወደ አመሻሹ መኪናዬ ጎማዋን አጥልቃ ወረደች። ሁለት ኢንች እንዲህ በዓይን የሚታይ ነገር አይደለም፤ ትንሽ ኩራት ቢጤ የያዛት ብቻ ትመስላለች። በሩን ስከፍት ባሌ በልማዱ ከኋላዬ መጥቶ እጆቹን ዘረጋ። አዲሱን መርገጫ ረገጥኩ፣ እጀታውን ያዝኩ፣ ሳብኩ፤ አልሆነም፣ ተመልሼ ወረድኩ። እጆቹ ቀረብ አሉ። ትንፋሼን ውጬ እንደገና ሳብኩና ተንጋድጄም ቢሆን ወንበሬ ላይ ወደቅሁ። ትራሴን ከጀርባዬ አስተካከልኩ።

እጆቹ እንደተዘረጉ ቀሩ። ኋላ ኪሱ ከተታቸው፣ አወጣቸው፣ መልሶ ከተታቸው።

«እኔስ ታዲያ» አለ፣ «ምን ልሆንሽ ነው?»

ቢቆጣ መልስ ነበረኝ። ቢያኮርፍ፣ ቢቀልድ፣ ቢለማመጠኝ መልስ ነበረኝ፤ ቀኑን ሙሉ ጎማ ላይ ተቀምጬ ሳዘጋጅ ነው የዋልኩት። ለዚህ ግን አልነበረኝም። ያ ሁሉ ቁመት ምን እንደሚሠራበት ጠፍቶት በሩ ሥር ቆሟል። አዘንኩለት፤ ማዘኔ ደግሞ አናደደኝ። እስከ ዛሬ አስሮ ያኖረኝ ይኸው ማዘኔ ነው። መደርደሪያ በመዶሻ ይወርዳል፤ እሱን ማሳዘን ግን ዛሬም ያስፈራኛል።

«አላውቅም» አልኩት። እውነቴን ነበር። «ዛሬ ሌሊት ተረኛ ነኝ፣ ልሂድ።»

ከበሩ ራቀልኝ። ሞተር አስነሳሁ። መስኮቱን ያዝ አድርጎ ለቀቀው።

«ስንት ሰዓት ትመለሻለሽ?»

ከተጋባን ጀምሮ ለዚህች ጥያቄ ሰዓቱን ከነደቂቃው ስመልስ ኖሬአለሁ። አሁንም አፌ ሊቆጥር ተከፈተ።

«ስጨርስ» አልኩትና ማርሽ አስገባሁ።