ኳስ የሚይዝለት ሰው

ማክሰኞ የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋቾቻችን የዕረፍት ቀን ነው። አዲስ ሰው የምንፈትነውም በዚሁ ቀን ነው፤ ሜዳው ባዶ፣ መቀመጫው ባዶ፣ ከአጠገቡ ካለው ሐይቅ የሚመጣው ንፋስ ብቻ እንዳሻው የሚፈነጭበት። ኳሱን በእግሩ መትቶ በቋሚዎቹ መሃል የሚያሳልፍልን ዋናው መቺያችን ብሽሽቱን ካመመው ሁለት ሳምንት ሆነው። ተጠባባቂ መቺ ምረጥ የተባልኩት እኔ ነኝ፣ ሩዲ፤ በጉብዝናዬ ዘመን ለመቺዎች ኳሱን መሬት ላይ አቁሜ እይዝ የነበርኩት። ተጠባባቂ መቺ ማለት ሙሽራው እስኪታመም በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሚዜ ነው። ማን ይመኘዋል? ብዙ ሰው ይመኘዋል።

ያን ቀን የመጣው ትሮይ ሃልቨርሰን ይባላል። የሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ነው፣ የሚኒሶታ ልጅ፣ ኑሮው ጣሪያ መጠገን። ሦስት ክለብ ሞክሮ ሳይቀበሉት ተመልሷል።

"ኮች፣ ዛሬ ካልሆነ በቃኝ፤ ዳግመኛ አልሞክርም" አለኝ ገና ሰላም ሳንባባል።

ለማሟሟቂያ ከቦርሳው ኳስ የሚያቆም ባለ ሦስት እግር ብረት አወጣ። ኳሱን በብረቱ ደግፎ ከሃምሳ አምስት ያርድ፣ ከሃምሳ ሜትር ገደማ መታ። አሥራ ሁለት መትቶ አሥራ አንዱን በቋሚዎቹ መሃል አሳለፈ። ደስ አለኝ፤ እንዲህ ያለ እግር ካየሁ ቆይቻለሁ። ጨርሶ ኳሶቹን ሊሰበስብ ሮጠ።

"ተወው፣ የሚሰበስቡ ሠራተኞች አሉን" አልኩት።

"ልማድ ሆኖብኝ ነው" አለ።

ቀጥሎ እንደ ጨዋታው አደረግነው። ለፈተናው ብሎ ዕረፍቱን ትቶ የመጣው ተጫዋቻችን ዴሾን ጎንበስ ብሎ በእግሮቹ መሃል ኳሱን ወደኋላ ይወረውራል፤ እኔ ተንበርክኬ እቀልብና በጣቴ አቆማለሁ፤ ትሮይ ይመታል። ይህ ሁሉ በአንድ ሰከንድ ከሦስት አሥረኛ ማለቅ አለበት፤ ከዘገየ ተከላካዮቹ ደርሰው ያፍኑታል። ሰዓቱን የሚለካልን ካሜራ አንድ ሰከንድ ከስድስት አሥረኛ አለ። ደገምነው። አሁንም አንድ ከስድስት። ኳሱ ሁሌም መሃል ያልፋል፣ ግን ዘግይቶ። ትሮይ ጣቴ ኳሱ ላይ እስኪረጋ እየጠበቀ ነበር።

"አይዞህ ወንድሜ፣ ሩዲ አርጅቷል እንጂ አይናከስም" አለው ዴሾን።

ትሮይ ሳቀ። የሚቀጥለውም አንድ ከስድስት ሆነ።

"በብረት ስንት ዓመት መታህ?" አልኩት።

"ስድስት።"

"ሰው አይዝልህም?"

"ወንድሜ ነበር የሚይዝልኝ። አግብቶ አሪዞና ገባ።"

ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም ይባላል። ቀዳሚ መሆኑንም የሚያይለት የለም።

ዴሾን ወደ ቤቱ ሲሄድ ለትሮይ እውነቱን ነገርኩት። "እግርህ ከዋናው መቺያችን ይበልጣል። ግን ልወስድህ አልችልም፤ እሑድ ዕለት ጨዋታው ላይ ያፍኑብሃል። ፍጥነቱ ከሰው ጋር ሲለመድ ይመጣል። በሳምንት ሦስት ቀን ኳስ የሚይዝልህ ሰው ፈልግ።"

"ማንን?" አለ።

ሊነካኝ ብሎ አይደለም፤ የምሩን ነው የጠየቀኝ። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ የእኔም ስልክ የሚጮኸው እንዲህ ሰው ፈትን ሲሉኝ ብቻ ነው።

ትሮይ ብረቱን አጣጥፎ ከቦርሳው ከተተና ኳሶቹን ሊለቅም ሄደ። ሠራተኞች አሉን አላልኩትም። ተከተልኩት። ሃያ የማይሞሉ ኳሶች ናቸው፤ ሁለታችንም ቀስ እያልን ለቀምናቸው።