የሳርቸ ቀኝ ዓይን

ሬይንደርት ጎረቤቴ ነው። ሲወለድ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነው፤ ሰው ክንዱን ይዞ ሲመራው ግን አይወድም። የምትመራው ውሻው ሳርቸ ብቻ ነበረች። ስድስት ዓመት ሙሉ በኔዘርላንዷ ዩትሬክት ከተማ ቦዮች ዳር ይዛው ዞራለች።

መጋቢት ላይ ሳርቸ ማስነጠስ አበዛች፤ ከዚያም አፍንጫዋ ደማ። የሰፈሩ ሐኪም ወደ ትልቁ የእንስሳት ሆስፒታል ላከንና በመኪናዬ ወሰድኳቸው። ማደንዘዣ ሰጥተው ለሲቲ ስካን ሲያስገቧት ሬይንደርት እጅ ላይ ባዶው ማሰሪያ ቀረ።

«ቲኔከ፣ በሩ የት ነው?» አለኝ።

«ከኋላህ። ምን ፈለግህ?»

«ምንም። የት እንዳለ ልወቅ ብዬ ነው።»

ሁለት ሰዓት ሙሉ ከወንበሩ አልተነሳም። ቡና ላምጣልህ ስለው፣ «ከጠጣሁ ሽንት ቤት ልሄድ ነው፤ ያኔ አንቺ ልትመሪኝ ነው» አለ።

«ከሳርቸ በምን አንሳለሁ?»

«ወሬ ታበዣለሽ።»

ዶክተር ሃኔከ መጥታ ምስሉን ለእኔ ልታሳየኝ ስትል፣ «ውሻዋ የኔ ናት፤ ለኔ ንገሪኝ» አላት። ጎንበስ አለችና ጣቱን ይዛ በገዛ ፊቱ ላይ አስኬደችው፤ ከአፍንጫው ቀኝ ጎን እስከ ዓይኑ ሥር።

«እጢው ከዚህ ተነስቶ፣ አጥንቱን በልቶ፣ ከዓይኗ ጀርባ ደርሷል። ካንሰር ይመስላል፤ ናሙና ወስደናል። በቀኝ ዓይኗ ማየት ካቆመች ሳትቆይ አትቀርም።»

ሬይንደርት ቀኝ ትከሻውን ያዘ። ከገና ወዲህ በዚያ በኩል ከምሰሶውም ከብስክሌቱም ጋር ይጋጭ ነበር።

«ስቆጣት ከረምኩ» አለ። «ሰነፍ እያልኩ ማሰሪያውን ስጎትትባት።»

ናሙናው ካንሰር መሆኑን አረጋገጠ። የጨረር ሕክምና ጥቂት ወራት ይጨምርላታል፤ መምራት ግን አበቃ ተባለ። መሪ ውሾችን የሚሰጠው ማኅበር ሌላ ውሻ አዘጋጀለት። ችግሩ አከራዩ ከአንድ ውሻ በላይ አይፈቅድም። ሳርቸን ለሌላ ቤተሰብ እንስጣት አሉት። እኔ እንዳልወስዳት ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ነኝ።

«አሁን ስትታመም? ለማላውቀው ሰው?» አለ።

«እሺ፣ በዱላ ትሄዳለህ?»

«መንገዱ ሁሉ ብስክሌት ነው ቲኔከ። ከሳርቸ በፊትም ሌሎች ውሾች ነበሩኝ፤ በዱላ ከሄድኩ ሃያ ዓመት ሆነኝ፤ እፈራለሁ።»

እፈራለሁ ሲል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ለሕክምናዋ ካልሆነ ከቤት አልወጣም። ጠዋት ጠዋት የደረጃውን ብረት ይዞ ሳርቸን ጓሮ ያወርዳታል፤ አጥሩ ጋ ሲደርሱ ይመለሳሉ። በሐምሌ ሙቀት መስኮቱ ላይ ቆሞ ከቦዩ የሚመጣውን የጀልባ ሙዚቃ ሲያዳምጥ አገኘሁት።

«ልውሰድህ፣ ግማሽ ሰዓት ብቻ» አልኩት።

«ብቻዋን ስትሆን ታለቅሳለች» አለ፤ መስኮቱንም ዘጋው።

ሳርቸ ኅዳር ላይ እቅፉ ውስጥ ሞተች። ወደ ማኅበሩ ስደውልለት ያዘጋጁለትን ውሻ ለሌላ ሰው ሰጥተውታል፤ አዲስ ተራ አሥራ ስድስት ወር ይፈጃል አሉኝ። ስነግረው «እሺ» ብቻ አለና ድንቹን መላጥ ቀጠለ።