ለዋሻው አፍ የተጠጣ ኮሶ

ኑ ልጆቼ፣ አረፍ በሉና ይችን ስሙኝ። በጣልያን ጊዜ፣ ከቡሬ ወዲያ ባለ መንደር አቻምየለሽ የምትባል ልጃገረድ ከእናቷ ከታንጉት ጋር ትኖር ነበር። አውሮፕላን ሲመጣ ሰው ሁሉ ከገደሉ ሥር ካለው ዋሻ ይሸሸጋል። ታንጉት ግን እጅግ ወፍራም ስለነበሩ በጠባቡ አፍ አያልፉም፤ ደጅ ይቀራሉ።

«ምን ቸገራችሁ፣ መዝጊያ እሆናችኋለሁ» ብለው ይስቃሉ። አቻምየለሽ ግን አትስቅም።

ኮሶ የጠጣ ሰው ሲከሳ አይታለች። ስለዚህ በየሳምንቱ ኮሶ እየወቀጠች ታጠጣቸው ጀመር።

«ተይ አንች ልጅ፣ ኮሶ የሚያወጣው ትል ነው እንጂ ውፍረት አይደለም» አሏት ጎረቤታቸው እማማ አደይ።

«ታዲያ ቀሚሷ እንዴት ሰፋት፣ እማማ?»

እውነትም ሰፍቷቸው ነበር። በሁለተኛው ወር ታንጉት በዋሻው አፍ ገብተው ወጡ፤ እናትና ልጅ ተቃቅፈው አለቀሱ። አቻምየለሽ ግን ሥጋቱ አልለቀቃትም፤ ለማንኛውም ብላ አንድ ጊዜ ደግማ አጠጣቻቸው።

በማግስቱ አውሮፕላኑ መጣ። ታንጉት ሊነሱ ቢሉ ጉልበታቸው ከዳቸው። ልጅቱ አዘለቻቸው።

«አሁንማ ቀልያለሁ፣ አይደል?» አሏት ከጀርባዋ ሆነው።

ዋሻው ሳይደርሱ ማሳው መሐል ቦምብ ወደቀ። ፍንጣሪው ያገኘው የታዘሉትን ነው።

አቻምየለሽ አርጅታ እስክትሞት ድረስ ኮሶ በእጇ አልነካችም። እባካችሁ ልጆቼ፣ በልጅቱ አትፍረዱባት። ታንጉትንም ስታስቧቸው፣ እንደ ድሯቸው ወፍራምና ሳቂታ አድርጋችሁ አስቡልኝ።