የኮሪደሩ ግራ ግድግዳ

1.

በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ተነሣሁ። መጋረጃውን ገለጥኩ፤ ጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል። አልጋዬን አነጠፍኩ። ነጠላ ጫማዬን አድርጌ፣ ትከሻዬን ወደ ኮሪደሩ ቀኝ ግድግዳ አስጠግቼ፣ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄድኩ። ፊቴን ታጠብኩ። ስመለስም ያንኑ ግድግዳ ተጠግቼ ነው። ጥቁር ቀሚሴን ለበስኩ። ሬዲዮ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ቢሮ ሄድኩ።

ከነሐሴ ወዲህ ጠዋቶቼ ሁሉ እንዲህ ናቸው።

2.

ሥራዬ መጠይቅ ማዘጋጀት ነው። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ሌሎች ሰዎች ቤት ለቤት እየዞሩ የሚሞሉትን ቅጽ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ይህንንም በቁጥር የምጽፈው ለዚያ ነው። በቁጥር የተጻፈ ነገር አንዱ ከሌላው ጋር አይነካካም። መላሹ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ቢከፋውም አራተኛው ላይ እንደ አዲስ ይጀምራል።

ቢያንስ በሥልጠና ላይ የምንለው እንዲህ ነው።

3.

የመላሽ ስም፦ አስካለ ወንድይፍራው

ዕድሜ፦ 54

የትምህርት ደረጃ፦ የመጀመሪያ ዲግሪ

የጋብቻ ሁኔታ፦ (1) ያላገባ (2) ያገባ (3) የተፋታ (4) የትዳር ጓደኛ የሞተበት

አራተኛውን ምርጫ ከብዙ ዓመት በፊት የጻፍኩት እኔ ነኝ። «በሞት የተለየው» የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። «የሞተበት» ይሁን ያልኩት ስለሚያጥር ነው።

የልጆች ብዛት፦ 0

የክፍሎች ብዛት፦ ሦስት፤ ከአንድ ኮሪደር ጋር

የግድግዳው ሁኔታ፦ ቁጥር 4ን ይመልከቱ

4.

ኮሪደሩ አምስት ሜትር ከአርባ ነው። ባለቤቴ አጥናፉ ስትሮክ ከመታው በኋላ ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው። አሥራ አራት ወር ሙሉ ከመኝታ ቤት ወደ መታጠቢያ ቤት የሄደው ግራ እጁን ግራ ግድግዳው ላይ እያሳረፈ ነው። መሬት ቀያሽ ስለነበረ እርምጃው እኩል ነው፤ ታሞም እኩል ነበር። እጁ የሚያርፈው ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ነው። የደሴ ብርድ ቆዳውን ስለሚሰነጥቀው ቫዝሊን እቀባው ነበር። ቫዝሊኑ ግድግዳው ላይ ቀረ፤ በቫዝሊኑ ላይ አቧራ ተቀመጠ። ነሐሴ ላይ ሲሞት ግድግዳው ላይ አሥራ አንድ እጅ ነበረ።

ሦስተኛው አራት ጣት ብቻ ነው። ሰባተኛው ወደ ታች ይንሸራተታል፤ አንድ ቀን እዚያ ጋ ጉልበቱ ከድቶታል። አሥራ አንደኛው፣ መታጠቢያ ቤቱ በር አጠገብ ያለው፣ ከሁሉም ይጠቁራል። እዚያ ቆሞ ትንፋሹን ይሰበስብ ነበር።

ሲመለስ በግራው በኩል እኔ እቆማለሁ። የሚደገፈው እኔን ነበር።

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ቤቴ የመጣ ሰው የሚያየው የቆሸሸ ግድግዳ ነው።

5.

ከሆሣዕና በፊት በነበረው ሐሙስ የተደረገ የስልክ ንግግር። ተናጋሪዎች፦ የአጥናፉ ታላቅ እኅት እትዬ ዘርፌ፣ ከኮምቦልቻ፤ እኔ፣ ከደሴ።

ዘርፌ፦ አስካልዬ፣ ሰማሽኝ? ለፋሲካ እመጣለሁ። ጥቁርሽን ላወልቅልሽ ነው።

እኔ፦ ዓመቱ አልሞላም እኮ፣ እትዬ።

ዘርፌ፦ ጌታ ሲነሣ አንቺ ተቀብረሽ ልትቀሪ ነው? ነጭ ቀሚስ አሰፍቼልሻለሁ። ሰፋኝ እንዳትዪ፤ እንደ መቃ መቅጠንሽን አስቤ ነው ያስለካሁት።

እኔ፦ እግዜር ይስጥልኝ።

ዘርፌ፦ ቤቱም አብሮሽ ከሐዘን ይወጣል። ለአርባው ስመጣ ያየሁት ኮሪደር... በስመ አብ! የከሰል መጋዘን። እጁን ሳይታጠብ ውሃ የማይጠጣ ሰው ቤት! ዘመድ አዝማድ ሲመጣ «የአጥናፉ ቤት» ነው እኮ የሚለው።

እኔ፦ ሳሎኑንና መኝታ ቤቶቹን አስቀባለሁ።

ዘርፌ፦ ኮሪደሩስ?

(ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።)

እኔ፦ ኮሪደሩ እርጥበት አለው። ውስጥ ለውስጥ ቧንቧ ያፈሳል። እስኪደርቅ ቀለም አይዝም።

ዘርፌ፦ እንግዲህ የተማርሽው አንቺ።

6.

በቁጥር 5 የተሰጠው የመጨረሻ መልስ ሐሰት ነው። በእኛ ሙያ የመላሽ ስሕተት ይባላል። ሰው ለጠያቂ የሚዋሸው ብዙ ጊዜ የሚደብቀው ኃጢአት ስላለው አይደለም። ጠያቂው ከበሩ አልፎ እንዳይገባ ነው።

እውነቱን ብናገር እትዬ ዘርፌ ያለቅሳሉ። ከዚያ እኔም። ከዚያ ዘመድ ሁሉ ሰምቶ፣ ለሻይ የመጣ ሁሉ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ከንፈሩን ይመጥጣል።

አልፈለግኩም።

7.

ቤትሽን ለበዓል ስታዘጋጂ፦

ሀ) መጋረጃዎቹን አውርደሽ ዘፍዝፊ። በረንዳ ላይ ስታሰጪ ሌላኛውን ጫፍ የሚይዝልሽ ሰው አትፈልጊ። ወንበር ላይ ጣል አድርጊው፣ ይበቃል።

ለ) አልጋውን ከግድግዳው አርቀሽ ጥረጊ። የኪኒን እሽግ ታገኛለሽ። ስንት ፍሬ እንደቀረ አትቁጠሪ።

ሐ) ቅቤውን ከቅዳሜ በፊት አታንጥሪ፤ ሽታው ጾመኛ ያስቸግራል። ሽንኩርቱን ግን አስቀድመሽ መክተፍ ትችያለሽ። ሽንኩርት ስትከትፊ የሚያይሽ ሰው አይጠይቅሽም።

መ) ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት ነው። ለአንድ ሰው የሚሆን ዶሮ የለም። ቢሆንም ግዢ።

ሠ) ኮሪደሩን ዝለዪው።

8.

ቀለም ቀቢው ሰይድ ይባላል። የሸዋበር ሰፈር ሰው ነው፤ ሃምሳን አልፏል፣ ሲሠራ አያፏጭም። በሰሙነ ሕማማት ማክሰኞ ቀን ጀመረ።

«እትዬ አስካለ፣ ኮሪደሩንስ?»

«ይቆይ።»

«ሰው ሲገባ እኮ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።»

«ይቆይ፣ ሰይድ።»

«አብሽሩ፣ ይቆያል። ግድግዳው የርስዎ።»

ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጨረሰ። መሰላሉን ነገ መጥቶ ሊወስድ በረንዳው ላይ ትቶት ሄደ። እትዬ ዘርፌ በዚያው ዕለት ገብተው ነበር። ጉልባን በላን። ኮሪደሩን ሲያልፉ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ያዙ፤ ለቀልድ ነው፣ አይሸትም።

9.

ስቅለት። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። እትዬ ዘርፌ ጉልበታቸው አብጦ ቀሩ።

«ለኔም ጨምረሽ ስገጂ» አሉኝ። «እኔ እዚሁ ሆኜ ዳዊቴን እደግማለሁ።»

ቀኑን ሙሉ ሰገድኩ። ወደ ማብቂያው፣ ካህኑ ጀርባችንን በወይራ ቅጠል እየነኩ ንስሓ ወደሚሰጡበት ተራ ገባሁ።

«ምን በድለሻል?»

«ዋሽቻለሁ፣ አባ።»

«ማንን?»

«የባለቤቴን እኅት።»

«በምን ነገር?»

«በግድግዳ።»

ቀና ብለው አዩኝ። ከኋላዬ ረጅም ሰልፍ ነበር።

«ሃምሳ ስገጂ» አሉ። «ቤት ስትገቢ ደግሞ እውነቱን ንገሪያት። ግድግዳም ቢሆን።»

ሃምሳውን ሰገድኩ። በመንገድ ላይ የምናገረውን አዘጋጀሁ፤ በሙያዬ እንደማደርገው፣ አጭርና ለሁለት ትርጉም የማይመች፦ «እትዬ፣ ያ ቆሻሻ አይደለም፤ የአጥናፉ እጅ ነው።» ሁለት ጊዜ ጮክ ብዬ ተለማመድኩት። ከስምንት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እግሬ ፈጠነ። አብረን እናየዋለን፤ ሰባተኛውን አሳያቸዋለሁ አልኩ።

10.

በሩን ስከፍት የቀለም ሽታ ተቀበለኝ።

11.

ነጭ።

12.

«አየሽው?» አሉ እትዬ ዘርፌ። እጃቸው እስከ ክርናቸው ቀለም ነክቶታል። «ቤት ማለት ይኸውልሽ! ሰይድ መሰላሉን ሊወስድ ሲመጣ ይህን ሳትጨርስማ አትሄዳትም አልኩት። ‹ይቆይ ብለዋል› ይለኛል። እርጥብ ነው ብላ እኮ ነው፣ እስቲ እጅህን አሳርፍበት አልኩት። አሳረፈ። ደረቅ! አጥንት የመሰለ ደረቅ!»

እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

«ደክሞሽ ነው፣ ገብቶኛል። አልፈርድብሽም። ሐዘን ሰውን ያሰንፋል። እኔም ባሌ የሞተ ጊዜ ዓመት ሙሉ ሰሐን እንኳ አላጠብኩም። እሱ ከመቀባቱ በፊት እኔ ራሴ በሳሙና አሸሁት፣ እጄ እስኪላጥ። እንዴት ያለ ግትር እድፍ ነው! ወንድሜ ከዛሬ ወዲያ በሰው ፊት አያፍርም።»

ያዘጋጀሁት ዐረፍተ ነገር አፌ ውስጥ ነበር።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» አልኩ። «ደከሙ።»

13.

ሰይድ ጓሮ ቧንቧው ጋ የቀለም መቀቢያ ሩሎውን ያጥባል። ቀና ብሎ ሳያየኝ ጀመረ።

«የሰው እጅ ነበር፣ አይደል?»

«እንዴት አወቅክ?»

«እጅህን አሳርፍበት ሲሉኝ አሳረፍኩ። ልክ ገባ። ጣት በጣት። ከዚያ ቀና ብዬ ሳይ መስመሩን ሙሉ አየሁት።»

«ታዲያ?»

«ይቅር አልኳቸው። ‹ለምን?› አሉኝ። ምን ልበል? እኅት ናቸው፤ ሳሙናውን ይዘው ግማሹን አጥበውታል። የወንድምዎን እጅ ነው ያሹት ልበላቸው?» ውሃውን ዘጋው። «ጁምዓ ሰግጄ መጣሁ። እስከ አሥር ሰዓት ቀስ አልኩ። ይደርሱ ይሆናል ብዬ።»

አሥር ሰዓት ላይ ሃምሳውን መስገድ ጀምሬ ነበር።

«ከሥሩ አለ?» አልኩት። «ቀለሙ ቢነሣ?»

«ሁለቴ ቀባሁት፤ ቅባቱ ሁለቴም ገፍቶ ወጣ። እሳቸውም ‹ይኸው፣ ይኸው› ይላሉ። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅኩና ስቱኮ መትቼ ደፈንኩት።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም፣ እትዬ አስካለ።»

«ዱቄቱስ?»

«እሳቸው ጠርገው ደፉት።»

ሩሎውን አራገፈ።

«ለእሳቸው እንዳትነግራቸው» አልኩ።

«ወላሂ፣ አልነግርም።»

14.

እዚህ ላይ አንባቢ የሚጠይቀውን አውቃለሁ፤ ጥያቄ መገመት ሥራዬ ነው።

ጥያቄ፦ አሁንስ ለምን አትነግሪያቸውም?

መልስ፦ ከዐርብ ጠዋት በፊት ብነግራቸው ስጦታ ነበር። ከዐርብ በኋላ ብነግራቸው ቅጣት ነው።

ጥያቄ፦ ጥፋቱ የማን ነው?

መልስ፦ (ይህ ጥያቄ ከመጨረሻው ቅጽ ተሰርዟል።)

15.

ቅዳሜ። የማረጋገጫ ዝርዝር፦

መጋረጃ፦ ተሰቅሏል።

ቄጤማ፦ መጥቷል፣ ውሃ ተረጭቶበታል።

ዶሮ፦ ተገነጣጥላ ታጥባለች፤ እትዬ ዘርፌ አጣጠቤን አላመኑም፣ ደግመው አጠቧት።

ቅቤ፦ ተነጥሯል።

ኮሪደር፦ ተጠናቋል።

ጠዋት ከአልጋዬ ስነሣ፣ እንደ ልማዴ ቀኝ ግድግዳውን ተጠግቼ ሄድኩ። መሀል ላይ ስደርስ ቆምኩ። መጠንቀቅ አያስፈልግም ነበር። በኮሪደሩ መሀል ለመሀል ሄድኩ። ሰፊ ነው።

16.

እሑድ። ጾሙን ከገደፍን በኋላ እትዬ ዘርፌ ጥቁሩን ከላዬ አውልቀው ነጩን አለበሱኝ። ልክ ነው፤ አልሰፋም፣ አልጠበበም። ብቻቸውን እልል አሉ። ሁለተኛው እልልታ መሀል ላይ ተሰበረባቸው። ፊታቸውን ሊታጠቡ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄዱ፤ ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ደገፍኳቸው። ኮሪደሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙና ግራ እጃቸውን በነጩ ግድግዳ ላይ አሳረፉ።

«አስካልዬ።»

«አቤት፣ እትዬ።»

«ልብሱን ለአርባው አከፋፈልነው። ሰዓቱንም፣ መነጽሩንም ለነፍሱ ብለን ሰጠን። እኔ ሞኟ አንድ ነገር እንኳ ለራሴ አላስቀረሁም። አንቺ ጠንካራ ነሽ፤ ስታለቅሺ አይቼሽ አላውቅም። እኔ ግን ሌሊት የምጨብጠው አጣሁ።» እጃቸው ከግድግዳው አልተነሣም። «ውድ ነገር አይደለም የምልሽ። የማይረባም ይሁን። እጁ ያረፈበት ብቻ ይሁን። አንድ ነገር አላስቀረሽም?»

17.

እኔ፦ ............................................................

 

............................................................

 

 

18.

ግራ ግድግዳው ላይ አሥራ አንድ እጅ ነበረ። አሁን የለም።