ላ ታማለች

…ከመጀመሪያው አይደለም፣ ከመጀመሪያውማ ስንቴ ሰማሽው፣ ከጭብጨባው ጀምሪ፣ ቅጂውን ታቆማለች፣ ትመልሳለች፣ ጆሮ ማዳመጫው ውስጥ ሰው ያጨበጭባል፣ አንዱ ያፏጫል፣ ከዚያ የወንድሟ ግራ እጅ ታች የፒያኖው ወፍራሞቹ ላይ ዱም ዱም ዱም ብሎ ይገባል፣ ቀኙ ከላይ ይሮጣል፣ ዶ ሬ ሚ ሶል፣ ይኸው፣ ላ። ላ ነች። ላ ካልሆነች ምንድን ነች፣ ግን እንዲህ የምትልፈሰፈስ ላ ከየት መጣች፣ ፒያኖውን እንደተጣላ ሰው የሚደበድብ ሮክ ተጫዋች እቺን ብቻ ለምን አባበላት። ትጽፋለች። ታጠፋለች። ወረቀቱ እዚያች ቦታ ላይ በላጲስ ብዛት ሳስቶ ሊቀደድ ነው።

ዘፈኑን ሁሉም ያውቀዋል፣ የፒያኖ መግቢያውን ግን ወንድሟ ራሱ አያውቀውም፣ መድረክ ላይ ቁጭ ብሎ የመጣለትን ነው የሚጫወተው፣ የትናንቱን ድገመው ቢሉት ምን ተጫወትኩና ይላል፣ እቺን አንዷን ብቻ ድራመሩ ፒያኖው ጫፍ ላይ ስልኩን አስቀምጦ ቀረጻት፣ ከእጅ ወደ እጅ ዞረች፣ አሁን ሰዉ ከሷ ሌላ አልሰማም ብሏል። ከዚያ ክረምቱ ሲገባ ስትሮክ መታው፣ ግራ እጁ ጭኑ ላይ ተኝቶ ቀረ። ባንዱ ደግሞ ቅዳሜ መድረክ አለበት፣ አዲስ ፒያኖ ተጫዋች አግኝተዋል፣ ልጅቷ ኖታ ካላየች ንክች አታደርግም፣ ኖታው የለም፣ እና ቤዝ ተጫዋቹ መጣ፣ በር ላይ ጫማውን እያፋተገ፣ እህቴ ካንቺ በቀር ማን ይጽፈዋል፣ ብቻ ለሱ እንዳትነግሪው፣ ሆድ ይብሰዋል። እሺ አለች። ምን ነካት፣ እሺ የምትል ቃል ሁልጊዜ ምላሷ ጫፍ ላይ ነው የምታድረው።

ይወቅና ደግሞ ምን ይላል፣ ወንበሬን ከኋላዬ ሰጣችሁብኝ ቢልስ፣ ምንም ባይልስ፣ ዝም ካለማ አለቀ። ከታመመ ወዲህ ፒያኖው አጠገብ አልደረሰም፣ ሳሎን ቁጭ ብሎ ያቺን የላስቲክ ኳስ ይጨምቃል፣ ስለ አየሩ ያወራል፣ ስለ ጎረቤት ድመት ያወራል፣ ሙዚቃ የሚባል ነገር ሰምቶም የማያውቅ ይመስላል። ቅር ሲለው የሚዘጋ ሰው ነው፣ አንዴ ከተዘጋ ማን ይከፍተዋል። አሁን ጎረቤታቸው ባለታክሲው ወደ ሐኪም ቤት ወስዶታል፣ እጁን ሊያሹለት፣ ከመምጣቱ በፊት መጨረስ አለባት፣ ወረቀቱን መደበቅ፣ ወንበሩን መመለስ፣ በገዛ ቤቷ ሌባ ሆና ቀረች።

በግማሽ ፍጥነት። አንድ ተማሪ የሰማውን ድምፅ ያዳምጣል፣ ይለያል፣ ይመዘግባል፣ ይላል ትምህርት ቤት የምታስተምርበት የሙዚቃ መጽሐፍ፣ እሺ አዳመጥን፣ ምኑን እንለየው። የሌሎቹ ድምፆች አናት ላይ ኳ አለ፣ መዶሻው ሽቦውን ሲመታው፣ ኳ ዶ፣ ኳ ሬ፣ ኳ ሚ፣ ኳ ሶል፣ ላ ኳ የላትም፣ ዝም ብላ ትመጣለች፣ ዝም ብላ ትሄዳለች። ትንሽም ወረድ ብላለች መሰለኝ። የተቀረጸበት አዳራሽ ፒያኖ ድሮውንም… ኧረ አይደለም፣ ባለፈው ዓመት የገባ አዲስ ነው። የሞኝ ዘፈን ሁሌ አበባዬ፣ ደግማ ትከፍታለች።

ጆሮ ማዳመጫውን አውልቃ በፒያኖው ትሞክራለች፣ በስሱ፣ በጣም በስሱ፣ ላ ጥርት ብላ ትወጣለች፣ ይሄስ አይደለም። ምነው እንዲህ አፍ አወጣች፣ ድሮ እኮ ዲዳ ነበረች፣ አባታቸው ይሄን ፒያኖ ከተዘጋ ሲኒማ ቤት ገዝቶ በጭነት መኪና ሲያመጣው መሃለኛዋ ላ ትጫናለች እንጂ አትናገርም፣ አትደብድቧት ትሰበራለች ይላል አባት፣ እናት ከወጥ ቤት ሆና ላ ታማለች፣ አትቀስቅሷት ትላለች። እሷ በመጀመሪያ ደሞዟ ሰው ጠርታ አስጠገነችው፣ ወንድሟ መጥቶ በአንድ ጣቱ ነካትና ሳቀ፣ ማን አሳክሚ አለሽ አላት። ምን ማለቱ ነበር፣ እንኳን ደስ ያለሽ አይባልም? ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ቤዝ ተጫዋቹ ነው፣ ደረሰልን ወይ ሊል፣ አታነሳም፣ ማዳመጫዋን መልሳ ታጠልቃለች።

ይለይለት። ላ ብላ ትጽፋታለች፣ እንደማንኛዋም ላ፣ ልጅቷም ትመታታለች፣ የሚሰማው ሰው ይጨፍራል እንጂ ላን አይመረምር። ቅጂውን ትከፍታለች፣ ከወንድሟ ጋር እኩል ትጀምራለች፣ አሁን መሳሳት የለም፣ ቀኝ እጇን ትለቀዋለች፣ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ፣ ጮክ ብሎ፣ ደግማ፣ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ፣ ትከሻዋ ላይ እጅ ያርፋል።

ቀኝ እጅ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት ለሐሜት ነበር፣ እሷ ግን የጆሮ መምህር ተብላ ደሞዝ እየበላች የገዛ በሯ ሲከፈት አልሰማችም። ማዳመጫውን ታወልቃለች። ወንድሟ ኮቱን እንደለበሰ ቆሟል፣ እሷን አያያትም፣ ወረቀቱን ነው፣ የሳሳውን ቦታ። ወንድም ጋሼ፣ እኔ እኮ፣ እነሱ ናቸው፣ ማለቴ… ይኸው ሊዘጋ ነው፣ ይኸው።

እዚህ ጋ ተሳስተሻል።

የቱ ጋ?

ላን አልነካኋትም።

እሰማታለሁ እኮ፣ እንካ ራስህ ስማት።

መቼ ነክቻት አውቃለሁ፣ ይላል፣ ላ ታማለች።

እጇ ቁልፎቹ ላይ ይቀራል። በልጅነት፣ ሁለቱ አንድ ወንበር ላይ ተጣበው፣ ጣት ላ ጋ ሲደርስ ዘሎ ያልፋል፣ በቦታዋ አፍ ይገባል፣ ላ፣ ሁለቱም በአንድ ላይ፣ ሳያስቡት። ፒያኖውን አስጠገነች፣ ለሱ ጣቶች ግን ማንም አልነገራቸውም፣ ያን ሁሉ ዓመት በየመድረኩ ደህናዋን ላ እየዘለለ በአፉ ሲሞላት ኖሯል፣ የድራመሩም ስልክ አፉ ስር ነበረ። ሌላ ሰው ቢሰማው ወዲያው የሰው ድምፅ ነው ይል ነበር። እሷ ናት ፒያኖ ያለችው፣ በዚህ ቤት ላ ድሮም እንዲህ ነበር የምትሰማው። ታፍራለች፣ ደስ ይላታል፣ ማልቀስም ያምራታል፣ የቱን እንደምታስቀድም አታውቅም። እርሳሷን ታነሳለች፣ ላን ታጠፋለች፣ በቦታዋ የዝምታ ምልክት፣ ከላይ በትንንሽ ፊደል በአፍ ብላ ትጽፋለች።

ልጅቷ ድምፅ አላት?

የቷ ልጅ?

ወንበሬ ላይ የምትቀመጠዋ ነቻ።

ማን ነገረህ?

ድራመሩ ነዋ፣ አፉ መች ይዘጋለታል፣ ከነገረኝ ሰነበተ፣ እናንተ ትነግሩኛላችሁ ብዬ ስጠብቅ ነበር። ይሄን ሲል ድምፁ ይሻክራል፣ ቅር ብሎታል፣ በጣም ቅር ብሎታል፣ ይቅርታ ልትል አፏን ስታሟሽ ጠጋ በይ ይላታል፣ በስተግራ ትጠጋለታለች፣ በቀኝዋ ይቀመጣል፣ የተኛውን እጅ በደህናው አንስቶ ጭኑ ላይ ያስተካክለዋል።

ግራውን ያዢልኝ።

ስልኩ እንደገና ይንቀጠቀጣል፣ ይንቀጥቀጥ፣ ታች ወፍራሞቹ ላይ ዱም ዱም ዱም ትላለች፣ የሱ ያህል አይከብድም፣ ጠንከር በይ ይላታል፣ ጠንከር ትላለች፣ ቀኝ እጁ ይነሳል፣ ጣቶቹ ፈርተዋል፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ሶል፣ ላን ይዘሏታል፣ እሷም አፏን ትከፍታለች፣ እሱ ግን ቀድሟታል።