በእንግዳው ቦታ የተቀመጠው

ጎረቤቲቱ አሚናት ንፍሮውን ይዛ ዳሱን ስትዞር ከወደ ዳር ስትደርስ ቆም አለች። እዚያ የተቀመጠው ሰውዬ እፍኙን ዘርግቶ ተቀበላት፤ ቀና ብሎ ግን አላያትም። ተመልሳ ሐዘንተኛዋ ስህን አጠገብ ጎንበስ አለችና በጆሮዋ ጠየቀቻት።

"እታለም፣ ያ ዳር ያለው የማን ወገን ነው?"

ስህን የሟቹ ባሏ የአሻግሬ ዘመድ ይሆናል ብላ ነበር። ትናንትም አመሻሽ ላይ እዚያው ቦታ አይታዋለች። ከአምባሰል የወረዱት የአሻግሬ ዘመዶች ደግሞ የሐይቅ ከተማ ሰው መስሏቸዋል፤ የሐይቅ ሰዎች የአምባሰል ሰው ነው ብለው ትተውታል። ለቅሶ ቤት እንዲህ ነው። ፊቱን ቋጠር አድርጎ የተቀመጠ ሁሉ ዘመድ ነው፣ ማንነቱን የሚጠይቀው የለም። የሚገርመው ግን ሲገባ ያየው ሰው አለመኖሩ ነበር። ለሚያውቁት ሰው እንኳን የሚጮኸው የጎረቤቷ የእንድሪስ ውሻ አንድም ጊዜ አልጮኸበትም።

ለቅሶው ራሱ ለቅሶ አይመስልም። ድምፅ የለውም። ስህን ወደ እስር ቤቱ ስንቅ ስታመላልስ ከርማ፣ አንድ ጧት በር ላይ ያለው ዘብ "ከነገ ጀምሮ ስንቅ አታምጪ" ብሎ የባሏን ጋቢ አስታቀፋት። መርዶው ይኼው ነው። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዓመተ ምሕረት እንዲህ ያለ መርዶ የደረሰው ቤት ብዙ ነበር፤ ብዙዎቹ ማልቀስም ተከልክለዋል። ጎረቤቷ እንድሪስ ቀበሌ ሄዶ፣ ለምኖና ዋስ ሆኖ፣ ሰው እንዲቀመጥ አስፈቀደላት። ጩኸት የለም፣ ሙሾ የለም፣ ሰዓት እላፊ ሳይደርስ ሁሉም ወደየቤቱ። ስለዚህ ሰው ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ንፍሮ ይቆረጥማል፣ ይሄዳል። ከሐይቁ የሚነሣው የኅዳር ጉም በዳሱ ሥር እየገባ እግራቸውን ሲያቀዘቅዝ፣ የሚሰማው የንፍሮው መቆርጠም ብቻ ነበር።

ስህን ማን እንደ ገደለው አልጠየቀችም። እንዴት እንደ ሞተም መስማት አልፈለገችም። አንድ ነገር ብቻ አንገብግቧታል፤ የት እንዳለ። የንስሓ አባቷ ፍትሐቱ አስከሬን ባይኖርም ይደርሳል ብለው አጽናንተዋታል። እሷ ግን በተኛች ቁጥር ሌላ ቦታ ታየዋለች፤ አንዴ በሐይቁ ደንገል ውስጥ፣ አንዴ በደሴ መንገድ ዳር ቦይ ውስጥ። አገሩ ሁሉ መቃብሩ ሆኖባት፣ መሬት መርገጥ እየፈራች ነበር።

አሻግሬ ግንበኛ ነበር። በልጅነቱ እስጢፋኖስ ገዳም አጠገብ ቆሎ ትምህርት ቤት ገብቶ ግዕዙን ከነትርጓሜው ተምሯል፤ ለድቁና ሲታሰብ ስህንን አየና ነገሩ ተበላሸ። "እኔን ከቅስና ያስቀረችኝ ይቺ ናት" እያለ በሰው ፊት ያሳጣት ነበር፤ እሷም "ቄስ ብትሆን ማን ቤት ይሠራልኝ ነበር?" ትለዋለች። ከመነኩሴ አጎቱ የወረሰው አንድ የብራና መጽሐፍ ነበረው፤ የጥንት የበረሃ አባቶችን ኑሮ የሚተርክ። ሐሙስ ሐሙስ አመሻሽ ላይ የንባብ ማኅበሩ ሰዎች እቤቱ ይሰበሰባሉ። እሱ ኖራ ባነጣው ጣቱ መስመሩን እየተከተለ በግዕዝ ያነባል፣ ከዚያ ወደ አማርኛ ይመልሰዋል። ልብስ ሰፊው ፈንታሁን በየመስመሩ ይከራከራል። እማማ ጥሩሰው የሚያሳዝነው ቦታ ሳይደርስ አስቀድመው ያለቅሳሉ። እንድሪስ መግሪቡን ሰግዶ ሲመጣ የበሩ ደፍ ላይ ይቀመጥና "መጥሐፉ የናንተ ነው፣ ወጉ የጋራችን" እያለ ያዳምጣል።

ከተቀማጮቹ መካከል አንድ ቦታ ባዶ ይተዋል። በርጩማ፣ ላዩ ላይ አጎዛ። ይኼ የእግዜር እንግዳ ቦታ ነው። ድንገት ለሚመጣ መንገደኛ ነው የሚቀመጠው፤ በመንገደኛ አምሳል ማን እንደሚመጣ አይታወቅምና። የመጣውን ስምህ ማነው፣ ከየት ነህ ብሎ መጠየቅ በዚያ ማኅበር ነውር ነበር። እግሩን ያጥቡታል፣ ያስቀምጡታል፣ ንባቡ ይቀጥላል። ለዓመታት ግን ማንም አልመጣም። ፈንታሁን እንዲያውም አጎዛውን ብል በላው እያለ ይቀልድ ነበር።

አንድ ሐሙስ እንግዳ መጣ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሠላሳ የማይሞላው ሰው። ከደጅ ቆሞ "የእግዜር እንግዳ" አለ፤ ማኅበርተኛው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነሣለት። ስህን ውኃ አምጥታ እግሩን ልታጥብ ተንበረከከች። ጊዜው በጋ ነበር፣ መንገዱ አቧራ ብቻ። የሰውዬው እግር ግን ንጹሕ ነበር። የፈሰሰው ውኃ እንደ ጠራ ሳሕኑ ውስጥ ሲጠራቀም አየች። በኋላ ይኼን ስትነግራቸው እማማ ጥሩሰው "የሰው እግር አይደለም፣ መሬት አልነካም" ብለው አማተቡ። ፈንታሁን ደግሞ "በመኪና የመጣ እግር ነው" አለ። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ።"

የዚያን ቀን የተነበበው የአንድ ባሕታዊ ታሪክ ነበር። ሽፍታ የባሕታዊውን ደቀ መዝሙር ይገድልበታል። ከዚያ በኋላ ያ ሽፍታ በየምሽቱ እየመጣ ከዋሻው አፍ ላይ ይቀመጣል። አይናገርም፣ አይበላም፣ ዝም ብሎ ይቀመጥና ሲነጋ ይሄዳል። ሽማግሌውም ዝም ብሎ ያየዋል። በአርባኛው ምሽት ሽማግሌው ተነሣና ወደ ሰውዬው ሄደ። አሻግሬ እዚህ ላይ ሲደርስ ጣቱ ወደ ቀጣዩ መስመር አለፈች፤ ዓይኑ መስመሩን ሮጦ አነበበ። ከዚያ ቀና ብሎ እንግዳውን አየው፣ ረዘም አድርጎ አየውና መጽሐፉን አጠፈው። "ለዛሬ ይብቃን" አለ። ፈንታሁን ልብ አንጠልጥለህ ትተወናለህ ብሎ አጉረመረመ።

በሳምንቱ አሻግሬ ያለ ፈቃድ ስብሰባ ታካሂዳለህ ተብሎ ተወሰደ። ቤቱ ተበረበረ፤ መጽሐፉ ግን አልተገኘም። እንድሪስ አስቀድሞ ወስዶ ከራሱ ኪታቦች ጋር ጠቅልሎ አስቀምጦት ነበር። ከማኅበርተኞቹ ሌላ የተነካ የለም። ይኼም ደግሞ የጠቆመው ከመካከላቸው ነው የሚል ሐሜት ወለደ፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ስህን ሳትሰማ ብዙ ተባለ።

አሁን አሚናት እንዲያ ስትጠይቃት ስህን ወደ ዳር ተመለከተች። ፊቱን ጋቢ ሸፍኖታል። እግሩን ግን አየችው። እነዚያው እግሮች ናቸው፤ ጉሙ ባራሰው ጭቃ ላይ ንጹሕ ሆነው። የተቀመጠበትንም አየች። ዳሱ ሲጣል ዕቃ ከቤት ሲወጣ፣ ባለ አጎዛው በርጩማ አብሮ ወጥቶ ኖሯል። ከዚያ ሁሉ መቀመጫ እሱን መርጦ ተቀምጧል።

ጮኻ ይኼ ነው ብትል፣ ሰውዬውን ከላከው ወገን ጋር መጣላት ነው፤ ዋስ የሆነው እንድሪስ አብሯት ይጠፋል። ዝም ብትል ባሏን ያስበላውን ሰው በባሏ ለቅሶ ንፍሮ እያበላች ነው። ፈንታሁንም አይቶት ኖሯል፤ ባርኔጣውን አንሥቶ በዳሱ ጀርባ ሊወጣ ሲል እጁን ያዘችው።

"ቁጭ በል" አለችው። "ሐሙስ ነው ዛሬ።"

ከዚያ እንድሪስን ጠርታ መጽሐፉን እንዲያመጣላት ነገረችው። እንድሪስ ተቃወማት፤ እዚህ መሐል፣ በዚህ ጊዜ፣ አብደሻል ወይ አላት። እሷም እንዲያመጣው ደግማ ነገረችው። ጥቂት ቆይቶ በሽርጥ የተጠቀለለውን ይዞ ተመለሰ። "አላህ ይሁነን እንግዲህ" አለና አጠገቧ ተቀመጠ። ለቀስተኛው አብዛኛው ሰዓት እላፊን ፈርቶ ሄዷል። የቀሩት እማማ ጥሩሰው፣ ፈንታሁን፣ እንድሪስና አሚናት ናቸው። እና እሱ።

ስህን መጽሐፉን ይዛ ከፊቱ ሄዳ ተቀመጠች። እንግዳው መጽሐፉን ሲያይ እጁ ሳያስበው ተዘረጋ።

"እጅዎ አይነካውም" አለችው። "ግዕዝ ያውቃሉ?"

ሰውዬው ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ። ድምፁ የታመመ ሰው ድምፅ ነበር። "አውቃለሁ፣ እትዬ። ስለማውቅ ነው የላኩኝ።"

ፈንታሁን ዓይኑን ጨፈነ።

"እንግዲያው እኔ ፊደሉን እቆጥራለሁ፣ እርስዎ ትርጉሙን ይነግሩናል" አለችው። አሻግሬ ፊደል አስቆጥሯት ነበር፤ ቃሉን ታነበዋለች፣ ትርጉሙ ግን አይገባትም። ፈንታሁንም አማርኛ እንጂ ግዕዝ አያውቅም። ያንን ገጽ ከፍቶ ሊጨርስላቸው የሚችል፣ በዚያ ዳስ ውስጥ፣ ይኼ ሰው ብቻ ነበር።

ባሏ ያቆመበትን ቦታ የኖራ አሻራው አሳያት። ጣቷን አሻራው ላይ አኖረች። አንድ አንድ ፊደል እየነቀሰች ጀመረች። የመጀመሪያውን መስመር ስትጨርስ እንግዳው ዝቅ ባለ ድምፅ "ሽማግሌውም ተነሥቶ ወደ ሰውዬው ሄደ" አለ። ሁለተኛውን ስትጨርስ "ከእግሩም አጠገብ ተቀመጠ" አለ። እማማ ጥሩሰው ማልቀስ ጀምረዋል፤ ዛሬ ግን እንደ ልማዳቸው ቀድመው አልነበረም። ጉሙ ወፍሯል። ከወዲያ የሐይቁ ውኃ ደንገሉን ሲመታ ይሰማል።

"አይ... ቴ..." አለች ስህን። "አይቴ አን... በርኮ። ለወልድየ።"

እንግዳው ፊቱን ከገጹ መለሰ።

ስህን ያነበበችው ምን እንደሆነ አታውቅም። የተሳሳተች መስሏት እንደገና ቆጠረችው፤ አሁን ሳታቋርጥ፣ ጥርት አድርጋ። አይቴ አንበርኮ ለወልድየ። የሰውዬው ጋቢ ከትከሻው ወደቀ፣ አላነሣውም።

"ምን ይላል?" አለች።

"እትዬ..."

"ምን ይላል ሽማግሌው?"

ሰውዬው በግድ እንደሚወጣ ነገር አወጣው።

"ልጄን የት አኖርኸው? ይላል።"

የእንድሪስ ውሻ ከደጅ አንዴ ጮኸና ዝም አለ። አሚናት በመዳፏ አፏን ያዘች። ስህን ቀጣዩን መስመር አላነበበችም። ጣቷን ከቃሉ ላይ ሳታነሣ ሰውዬውን ብቻ ታየው ነበር። ባሏ ያን ምሽት ይኼን መስመር በዓይኑ አንብቦ፣ ሰውዬውን አይቶ፣ መጽሐፉን ያጠፈበት ምክንያት አሁን ገባት። አውቆ ነበር። አውቆ እራት አብልቶ ሸኘው።

እንግዳው እየተቆራረጠ ተናገረ። ያዳምጥ ብቻ ተብሎ ነበር የተላከው። የሰማውን ለላኩት ሰዎች ነገረ፤ የአንዱን ስም ብቻ ሰጠ፣ የሌሎቹን አላውቅም አለ። በኋላም አሻግሬን ከእስር ቤት ባወጡበት ሌሊት ከእነሱ ጋር ውጣ ተባለ። ፋኖሱን የያዘው እሱ ነበር። አሻግሬ በፋኖሱ ብርሃን አወቀውና "እንግዳዬ" አለው። ሌላ ምንም አላለውም። ከዚያ ወዲህ ያ የመጽሐፉ ሽማግሌ ተነሥቶ ሄዶ ምን እንዳለ ሳያውቅ መተኛት አልቻለም። እግሩ ወደዚህ ያመጣዋል፤ ይቀመጣል፤ መጠየቅ ያቅተዋል።

"የት?" አለች ስህን።

"ወደ አርዲቦ ሲወጣ፣ ከዳገቱ አናት ብቸኛ ጥድ አለች። ከሥሯ በምሥራቅ በኩል። ሌሎችም አሉ። እሱ ከዳር ነው። ድንጋይ አኑሬበታለሁ።"

ይኼን ብሎ ተነሣ። ማንም አልያዘውም፣ ማንም አልሸኘውም። ጉሙ ውስጥ ገባ፤ ወዲያ ወይም ወዲህ መሄዱን ያየ የለም። ፈንታሁን ዘግይቶ ተነሥቶ ሊከተለው ሲል እንድሪስ በእጁ አስቀመጠው።

"እታለም" አለ እንድሪስ፣ "አላህ ሶብሩን ይስጥሽ። ጥዷን አውቃታለሁ።"

ስህን መጽሐፉን አጥፋ ለእማማ ጥሩሰው ሰጠቻቸው። መርዶ ከሰማች ጀምሮ ከቤቱ በር ትይዩ ሆና ነበር የምትቀመጠው፤ የሚገባ የሚወጣውን እያየች። ተነሥታ የዘወትር መቀመጫዋን ቁርበት ከመሬት ላይ አነሣችና ወደ አርዲቦ ዳገት አዙራ አነጠፈችው። ዳገቱ በጉሙ ውስጥ አይታይም። ፊቷን ወደዚያ አድርጋ ተቀመጠች። እማማ ጥሩሰው በርጩማቸውን አዞሩ። እንድሪስና አሚናት አዞሩ። ፈንታሁንም አዞረ።

ከዚያ ስህን የነጠላዋን ጫፍ ጠቅልላ አፏ ውስጥ ጎሰጎሰችና፣ ቀበሌው ሳይሰማ፣ ባሏን አለቀሰችው።